ለነዳጅ ቀጂው ማን ዋስ ይሁነው?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በአንባብያን ዓምድ ላይ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ መብራት ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ። የእኔ ጉዳይ ከእነዚህ አነስ ያለ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የመንግሥት ሠራተኞች በገዛ እጃችን የምንፈርምበት ነገር ስለ ሆነ ጥቂት ቦታ ይሰጡት ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ ዋስትና ነው።

በደብረ ማርቆስ ከተማ በየመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል በር ላይ ጥቂት የቆመ ሰው ሁሉ ያየዋል። የአንዱ እኅት ወይም የሌላው የወንድም ልጅ በነዳጅ ማደያ ይቀጠራል። አሠሪው «ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ» ይለዋል። ዘመድ ዘመዱን እንቢ ማለት ያፍራልና ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን ልክ የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ ሄዶ ይፈርማል። ከዚያም ነገሩን ይረሳዋል። የፈረመበትን ወረቀት ግልባጭ ያስቀረ ስንት ሰው አለ? እኔ ከማውቃቸው መካከል ሁለት ብቻ ናቸው።

የወረቀቱ ቃል በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ቀጂው ገንዘብ ቢያጎድል፣ ዕቃ ቢያጠፋ ወይም ቢሰወር ዋሱ ይተካል። በዚህ ላይ ክፉ ነገር አልናገርም። የሰው ገንዘብ የሚይዝ ሰው ዋስ ቢጠራ ያገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ በጎጃምም ዋስ ሳይጠራ ከብት የሚሸጥ የሚገዛ አልነበረም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቀጂው ለማደያው ባለቤት ዋስ ይጠራል፤ ለቀጂውስ ዋስ የሚሆነው ማን ነው?

ይህን ለመረዳት ከቀጂው ወረቀት በላይ ያለውን ሁለተኛውን ወረቀት ማወቅ ያስፈልጋል። ከዓባይ በረሃ ወጥቶ በደጀን፣ በሉማሜ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤልና በደምበጫ አድርጎ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ በየከተማው መግቢያ የታወቁ የነዳጅ ኩባንያዎችን ስም በትልቁ ተጽፎ ያያል። መንገደኛው ማደያው የኩባንያው ነው ብሎ ያስባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ስሙ፣ ቀለሙና ነዳጁ የኩባንያው ሲሆኑ የሚሠራበት ሌላ ነጋዴ ነው፤ በተለምዶ ዲለር ይባላል። ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ ደመወዝ የሚከፍለውም እርሱ ነው። ፈረንጆች የዚህን ዓይነቱን፣ ስምንና አሠራርን ለሌላ ነጋዴ የመስጠትን ውል ፍራንቻይዝ ይሉታል፤ የማደያው ውል ከእርሱ ጋራ በሁሉ ነገር አንድ ባይሆንም የቅርብ ዘመዱ ነው። በ2010 ዓ.ም. ፒዛ ሃት የሚባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት የከፈተው በላይአብ የሚባለው ያገር ቤት ድርጅት ነበር። ስሙ ከባሕር ማዶ፣ አሠሪው ካገር ቤት ማለት ነው።

በእንዲህ ያለው ውል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት አንቀጾች ይገኛሉ። አንደኛው «ሠራተኞቹ የዲለሩ እንጂ የኩባንያው አይደሉም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «በሠራተኞቹ ምክንያት ኩባንያው ቢከሰስና ቢከፍል ዲለሩ የከፈለውን ሁሉ ይተካል» ይላል። እንግዲህ መሰላሉን ተመልከቱት። ከታች ያለው ቀጂ በእኛ ደመወዝ አማካይነት ለዲለሩ ይተካል፤ ዲለሩ ለኩባንያው ይተካል። ዋስትናው ሁሉ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድም ወረቀት የለም።

ይህ በቃል ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ማደያ የምትሠራ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዋስ የሆነላት ልጅ ነበረች። ስድስት ዓመት ያህል ሠርታለች። አንድ ማለዳ ተሳቢ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ገፋትና እግሯ ተሰበረ። ዲለሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሐኪም ቤት አድርሷታል፤ የአንድ ወር ደመወዝም ሰጥቷታል። ልጅቱ በጀሶ ታስራ ቤቷ ሳለች ግን ኩባንያው ከዲለሩ ጋራ ያለውን ውል አቋረጠና ማደያውን ለሌላ ነጋዴ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ያለው የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነው። የቀድሞው ዲለር «ማደያው ተወስዶብኛል፤ እዚያ ያለውን ጠይቂ» አላት። አዲሱ «እኔ ባዶ ማደያ ነው የተረከብሁት፤ አላውቅሽም» አላት። ወንድሟ አዲስ አበባ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተሳፍሮ ኩባንያውን ቢጠይቅ «በደብረ ማርቆስ ማደያ አንድም ሠራተኛ የለንም» ተባለ። ልጅቱ ከሁለት ያጣች ሳትሆን ከሦስት ያጣች ሆነች። እግሯ ድኖ ወደ አዲሱ ነጋዴ ሄዳ ሥራ ስትለምን ደግሞ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «አዲስ ዋስ አምጪ።»

ባልደረባዬም ዳግመኛ ፈረመላት። የመጀመሪያው ወረቀት ግን አልተመለሰለትም። በአንድ ደመወዝ ላይ ሁለት ዋስትና ተቀምጧል፤ አንደኛው ወረቀት ዛሬ በማን መሳቢያ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ የለም። የልጅቱ ስድስት ዓመት ሲጠፋ የእርሱ ፊርማ አልጠፋም።

ሕጉ ምን ይላል ብዬ ጥቂት ተመልክቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማንም አንብቦ በሚረዳው ቋንቋ የተጻፈ ነው። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ይካሳል። ከጉዳቱ ሲያገግም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከደመወዙ 75 በመቶውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት 50 በመቶውን ያገኛል። እንግዲህ ለልጅቱ የተሰጣት የአንድ ወር ደመወዝ ቸርነት አልነበረም፤ ከሚገባት ላይ የተከፈለ ቅድሚያ ነበር። እርሷ ግን እጅ ነስታ ተቀብላለች።

ይኸው አዋጅ የሥራ ውል የአሠሪውን ስምና አድራሻ እንዲይዝ ያዛል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ይህንኑ የሚገልጽ፣ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህ ባይፈጸም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ድርጅት ከሌላ ቢቀላቀል፣ ቢከፈል ወይም ወደ ሌላ ባለቤት ቢተላለፍም የሥራው ውል አይቋረጥም ይላል። እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚነሣው። ኩባንያው «መሬቱ፣ ጋኑና መቅጃው ድሮም የእኔ ነው፤ የቀድሞው ዲለር የሸጠው ነገር የለም፤ አዲሱም የገዛው የለም፤ ስለዚህ ባለቤትነት አልተላለፈም» ሊል ይችላል። ብልህ አነጋገር ነው። በቀጂዋ ዓይን ሲታይ ግን ጋኑ ያው ነው፤ መቅጃው ያው ነው፤ ደንበኛው ያው ነው፤ የለበሰችው ቱታ ቀለም እንኳ ያው ነው። የተለወጠው ቢሮ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ይህ መተላለፍ ካልሆነ መተላለፍ የሚባለው ምንድር ነው? በእኔ አስተያየት ሥራው ሳይቋረጥ እጅ በእጅ ከተረካከቡት ሠራተኛውም አብሮ ተላልፏል።

በአገራችን የማደያ ስም ሲለዋወጥ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሼል ከኢትዮጵያ ሲወጣ ንብረቱን የሊቢያው ኦይሊቢያ ገዛ፤ ቆይቶም ስሙ ኦላ ኢነርጂ ተባለ። በአንድ ምሰሶ ላይ ሦስት ስም ተሰቅሎበት ያየ ሰው አለ ማለት ነው። ኩባንያ ሲሸጥ በመዝገብ ስለሚሸጥ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዲለር ሲለወጥ ግን ከቀጂዎቹ በቀር የሚያውቅ የለም።

ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ወረቀት፣ ማለትም ስለ መተካቱ ውል ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1952 ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ነው ይላል። የሕጉ ዓመትና የአንቀጹ ቁጥር አንድ ሆነው መገጣጠማቸው ለማስታወስ ይረዳል። ኩባንያውና ዲለሩ «በመጨረሻ ከኪሱ የሚያወጣው ማን ነው» የሚለውን በመካከላቸው እንደ ፈለጉ ሊወስኑ ይችላሉ፤ መብታቸው ነው። ነገር ግን ያንን ወረቀት አንሥተው ባልፈረመችው ቀጂ ፊት «ይኸው፤ ከእኛ ዘንድ የምትጠይቂው የለም» ሊሉ አይችሉም። መተካት የሁለት ነጋዴዎች የሒሳብ ማወራረጃ ነው እንጂ ለተጎዳ ሰው በር መዝጊያ አይደለም። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ይህንኑ ወረቀት እንደ ሕግ አድርገው ሲያሳዩት ነው፤ ድኻው ደግሞ ማኅተም ካየ ያምናል።

ለኩባንያውም ቢሆን እውነቱን መናገር ይገባል። ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2134 ሥራን ተቀብሎ በራሱ ነፃነት የሚሠራ ሰው ላደረሰው ጥፋት ሥራውን የሰጠው ሰው ኃላፊ አይደለም ይላል። ቤቴን እንዲሠራ የተዋዋልሁት ግንበኛ የሰው አጥር ቢያፈርስ እኔ ልጠየቅ አይገባኝም። ኩባንያውም «ዲለሩ እንደ ግንበኛው ነው» ቢል ከሕግ ውጭ አልተናገረም። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ማደያው በስንት ሰዓት እንዲከፈት፣ ቀጂው ምን እንዲለብስ፣ ለደንበኛ ምን ብሎ ሰላምታ እንዲሰጥ፣ ወለሉ በቀን ስንት ጊዜ እንዲጠረግ ኩባንያው የሚያዝ ከሆነ፣ ይህንንም የሚቆጣጠር ሰው በመኪና እየላከ ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ፣ የዲለሩ ነፃነት የት አለ? ግንበኛዬን የሸሚዝ ቀለም አላዘዝሁትም። ለመቆጣጠር ጊዜ አሠሪ፣ ለመክፈል ጊዜ እንግዳ መሆን ሚዛን አይደፋም።

ዲለሩም የራሱ እሮሮ አለው። የነዳጅ ዋጋም ሆነ የማደያው የትርፍ ድርሻ በመንግሥት የተወሰነ ነው፤ እንደ ሸቀጥ ነጋዴ ትንሽ ጨምሮ ሊሸጥ አይችልም። ከላይ ኩባንያው፣ ከጎን ተመኑ ሲይዙት ሊቀንስ የሚችለው ከሠራተኛው ላይ ነው። ይህን ሳላስብ ዲለሮችን ብወቅስ በደል ይሆንብኛል። ሆኖም የአደጋ መድን ማስገባት ትርፍን የሚያጠፋ ወጪ አይመስለኝም፤ ኩባንያውም ውሉን ሲፈርም «የሠራተኞችህን የመድን ወረቀት አሳየኝ» ቢለው ለራሱም ይጠቅመዋል። የማጥፊያ መሣሪያ ሳይኖር ማደያ እንዳይከፈት የሚጠነቀቅ ኩባንያ ስለ ሰው ይህን ያህል ቢጠነቀቅ ምን ይጎዳዋል?

ሌሎች አገሮች በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረውበታል። በአውስትራሊያ ሰቨን ኢሌቨን በሚባለው የሱቆች ድርጅት ስም በሚነግዱ ነጋዴዎች ዘንድ ሠራተኞች ከሚገባቸው በታች ሲከፈላቸው መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ተጋለጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው ሕግ፣ በነጋዴው ሥራ ላይ ብርቱ ቁጥጥር ያለው ባለስም ድርጅት በደሉን ካወቀ ወይም ሊያውቅ ሲገባው ዝም ካለ አብሮ እንዲጠየቅ ተደረገ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ግን የፈጣን ምግብ ድርጅቶች ባለስሞች ከነጋዴዎቻቸው ጋራ አብረው እንዲጠየቁ የቀረበው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2023 ተትቶ በምትኩ የሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 20 ዶላር እንዲሆን ተስማሙ። ይህን ሳነብ የተረዳሁት ባለስሞቹ ደመወዝ ከመጨመር ይልቅ አብሮ መጠየቅን አብልጠው እንደሚፈሩ ነው። እኛ የአውስትራሊያን ሕግ እንዳለ እንገልብጥ አልልም፤ «ሊያውቅ ሲገባው» የምትለዋ ቃል ግን ለእኛም ማደያ ትስማማለች። ተቆጣጣሪ በመኪና የሚልክ ኩባንያ «አላየሁም» ሊል አይችልምና።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር ደግሞ ይርጋው ነው። በአዋጁ መሠረት ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ በ3 ወር፣ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ሒሳብ የሚጠይቅ በ6 ወር ውስጥ ካላመለከተ መብቱ ይቀራል። ከሦስቱ አንዱ «እገሌን ጠይቅ» እያለ ሲያመላልስ ሦስት ወር ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ የተመላለሰ ያውቀዋል። ልጅቱ በጀሶ ታስራ ነበር፤ ወንድሟ እርሻ ነበረበት፤ ክረምቱም ገባ። ሽማግሌም ተልኮ ነበር፤ ሽማግሌ መላክ ግን ይርጋን አያቆምም። ይርጋውን የሚያቋርጠው ለሚመለከተው የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወይም ለፍርድ ሰሚው አካል አቤቱታ ማቅረብ፣ አለዚያም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ዘመድ ያለው ሰው መጀመሪያ ማመልከቻውን ያስገባ፤ እርቁ ከዚያ በኋላ ይሞከር። አሠሪው ማን እንደ ሆነ ካልታወቀም ሦስቱንም ስም በማመልከቻው ላይ ይጻፍ፤ «እኔ አይደለሁም» የሚለው ቀርቦ ያስረዳ።

የመንግሥት ሠራተኛ ወንድሞቼና እኅቶቼ በዋስትናው ላይ ሲፈርሙም እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በጽሑፍ ካልተወሰነ ዋስትናው አይጸናም። እኛ ግን «ላጎደለው ሁሉ» በሚል ወረቀት ላይ ስንፈርም እንገኛለን። ልኩን እናስጽፍ። ዋስ የምንሆነው ለየትኛው አሠሪ እንደ ሆነ ስሙን እናስጽፍ፤ ያ ሰው ማደያውን የለቀቀ ቀን ዋስትናችን ያበቃል የሚል ቃልም እንጨምር። ይህን ማስጻፍ ለእኛ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። በዋስትናው ላይ ስሙ የሰፈረ አሠሪ በኋላ «አሠሪዋ እኔ አይደለሁም» ለማለት ይቸግረዋል፤ ለቀጂዋ በእጇ ያለ ማስረጃ ይሆንላታል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት እንዲሆን መታዘዙም መታሰብ አለበት። በቀጂው እጅ የሚያልፈው ጥሬ ገንዘብ ከቀድሞው ሲያንስ የሚጠየቀው ዋስ ግን ያው የድሮው ነው።

የዞናችን የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎችም ማደያዎችን ሲጎበኙ የአደጋ መከላከያውን ከማየት ጋራ የቀጂዎቹን የቅጥር ወረቀት እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። ዲለር በተለወጠ ጊዜ ኩባንያው የነባር ሠራተኞችን ስምና የአገልግሎት ዘመን ዝርዝር ጽፎ፣ ተረካቢውን አስፈርሞ ግልባጩን ለመሥሪያ ቤቱ ቢልክ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የጋኑ ነዳጅ በእንጨት እየተለካ፣ የመቅጃው ቁጥር እየተጻፈ ነው የሚረካከቡት፤ ሰው ብቻ ሳይቆጠር ይቀራል።

በመጨረሻም የሕግ ባለሙያ የሆኑ አንባብያን አንድ ጥያቄ እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ። ኩባንያ ዲለሩን ሲለውጥ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የባለቤትነት መተላለፍ» ይባላል ወይስ አይባልም? በዚህ ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው ትርጉም ካለ፣ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ ነውና፣ ቁጥሩን ከነዓመቱ በዚሁ ዓምድ ቢያሳውቁን ልጅቱም፣ ዋሷም፣ እኔም እናመሰግናለን። የልጅቱ ማመልከቻ ገብቷል፤ ቀጠሮዋም ሩቅ አይደለም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋራ፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከደብረ ማርቆስ